ከአረቄ አመላላሽ እስከ ጌም ተጫዋች፦ የናስካር መኪናና ሹፌር እንዴት ተለወጡ?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። የመኪና ውድድር የመጨረሻ ዙር ነው። ኩርባው ላይ ሁሉም ፍሬን ሲይዝ አንዷ መኪና የውጩን ግንብ ተደግፋ፣ ጎኗ እየተፋቀ፣ ነዳጁ እንደተረገጠ አምስት መኪና በአንዴ ታልፋለች። ብዙ ሰው ጌም መስሎት ነበር። እውነተኛ ውድድር ነው። ጌም የመሰላቸው ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ቀኑ ኦክቶበር 30፣ 2022 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ማርቲንስቪል፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፤ አንዱ ዙር 850 ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሜዳ። ሹፌሩ ሮስ ቻስቴይን ይባላል። ወደ ዋንጫው የመጨረሻ ውድድር ለማለፍ ሁለት ደረጃ ጎድሎታል፣ በኖርማል አነዳድ ደግሞ የሚደርስበት መንገድ የለም። ማርሹን አምስተኛ አስገባና ግንቡን እንደ ሐዲድ ተጠቀመበት። 10ኛ የነበረው ሰውዬ 5ኛ ሆኖ መስመሩን ረገጠ፤ አለፈም። ያቺን ዙር የጨረሰው በ18.845 ሰከንድ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ በናስካር መኪና ያን ያህል የፈጠነ ሰው አልነበረም።

ከየት አመጣኸው ሲሉት፣ ልጅ እያለ ከወንድሙ ጋር ጌምኪዩብ ላይ የናስካር ጌም ሲጫወት ይሠራው እንደነበር ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ናስካር ይህንን የሚደግም እንደሚቀጣ አስታወቀ።

ቻስቴይን ቤተሰቡ ፍሎሪዳ ውስጥ ሐብሐብ የሚያመርት የገበሬ ልጅ ነው። ሲያሸንፍ ሐብሐብ አንስቶ አስፋልት ላይ ያፈርጣል። የገበሬ ልጅ ጌም ላይ የሞከረውን እውነተኛ ውድድር ላይ ሲሠራው ያስቃል፤ ግን ይሄ ስፖርት ሲጀመርም የገበሬ ልጆች ነው የጀመሩት። ያኔ ያስተማራቸው አረቄ ነበር።

አዎ፣ አረቄ።

አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ከልክላ ነበር። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ግብር ያልተከፈለበት መጠጥ ወንጀል ሆኖ ቀጠለ። የሰሜን ካሮላይና፣ የቨርጂኒያና የጆርጂያ ተራራማ አካባቢ ገበሬዎች ደግሞ በቆሎ ነው ያላቸው፤ በቆሎውን ከመሸጥ አረቄ አውጥቶ መሸጥ ይሻላቸዋል። ችግሩ ማውጣቱ ላይ አይደለም፣ ከተማ ማድረሱ ላይ ነው። በሌሊት፣ ጠመዝማዛ ፒስታ ላይ፣ አንዳንዴም መብራት አጥፍቶ፣ ፖሊስን አምልጦ መድረስ አለበት።

ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ተራ የቤት መኪና፣ በተለይ ፎርድ ነበረች። ከውጭ ስትታይ የጎረቤት መኪና ናት። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ተነካክቷል። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው ተጠናክሯል። ለምን? ጭነት ስትይዝ ቂጧ ዝቅ ካለ ፖሊስ ከሩቅ ያውቃታላ። እዚህ አገር ጫት የጫነች ፒካፕ እንዴት እንደምትበር መንገድ ላይ ያየ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል። የኛዋ የምትሮጠው ጫቱ እንዳይጠወልግ ነው፤ እነዚያ ግን እንዳይያዙ።

እነዚህ ልጆች ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው የማን መኪና ትፈጥናለች እያሉ መወዳደር ጀመሩ። ቀልድ አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ ሎይድ ሲይ በ1941 አትላንታ ውስጥ ትልቅ ውድድር ባሸነፈ ማግስት የገዛ ዘመዱ ተኩሶ ገደለው። የተጣሉት አረቄ ለማውጣት በተገዛ ስኳር ሒሳብ ነው።

ነገሩን ሥርዓት ያስያዘው ቢል ፍራንስ የሚባል መካኒክ ነው። ዲሴምበር 1947 ዴይቶና ቢች ውስጥ አንድ ሆቴል ሰዎቹን ሰበሰበ፤ በ1948 መጀመሪያ ናስካር የሚባለው ማኅበር ሕጋዊ ሆነ። በ1949 ደግሞ ዛሬ ድረስ የዘለቀው ዋናው ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያ ስሙ “ስትሪክትሊ ስቶክ” ነበር።

ስልክ ፍላሽ የምታደርጉ ልጆች “ስቶክ ሮም” የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ ማንም ያልነካው፣ ፋብሪካ እንዳወጣው ያለ ማለት ነው። ስቶክ ካርም ያው ነው። ከመኪና መሸጫ ገዝተህ፣ ምንም ሳትነካካ፣ ነድተህ መጥተህ የምትወዳደርበት። ሐሳቡ ብልጥ ነው። ተመልካቹ ቤቱ ያለችውን መኪና ሜዳ ላይ ሲያያት የኔ ይላታል።

የመጀመሪያው ውድድር ጁን 19፣ 1949 ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተካሄደ። ሜዳው አፈር ነው፣ አቧራው ለጉድ። ሊ ፔቲ የሚባል ሰው ልጆቹን ይዞ የመጣበትን ቡይክ ወደ ሜዳ አስገብቶ ገለበጣት፤ ቤተሰቡ ወደ ቤት የተመለሰው በሰው መኪና ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ሪቻርድ ይህን ሁሉ እያየ ነበር። ሪቻርድ ፔቲ አድጎ 200 ውድድር አሸነፈ፤ እስካሁን የቀረበው የለም። ሣራ ክሪስቲያን የምትባል ሴትም በዚያ ቀን ነድታለች፤ ሴት በዚህ ስፖርት የቅርብ ጊዜ ነገር የሚመስለው ካለ ልብ ይበል።

አሸናፊው ግሌን ደናዌይ ተባለ። ከዚያ ዳኞቹ መኪናውን ሲፈትሹ የኋላው ባሌስትራ ተነካክቶ አገኙት። መኪናዋ የአረቄ መኪና ነበረቻ! ድሉ ተነጠቀና 2,000 ዶላሩን ጂም ሮፐር ወሰደ። የመኪናው ባለቤት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸነፈ። “ፋብሪካ እንዳወጣት” የሚለው ሕግ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የተጣሰው። ከዚያ ወዲህ ያለው የናስካር ታሪክ ግማሹ መካኒክና ዳኛ ሲደባበቁ የሚያልፍ ነው።

የዚያ ዘመን ሹፌር መካኒክም ነው። ጁኒየር ጆንሰንን ውሰዱ። በ1956 የአባቱ አረቄ ማውጫ ላይ ተይዞ 11 ወር ታሰረ፤ በጠቅላላው 50 ውድድር አሸነፈ። በ1960 ዴይቶና ላይ መኪናው ከሌሎቹ ደካማ ነበረች። ልምምድ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ከፊት ያለችው መኪና ንፋሱን እየሰነጠቀች ስለምትሄድ ጀርባዋ ላይ ከተለጠፈ የእሱም ትፈጥናለች። በዚያ ዘዴ አሸነፈ። ዛሬ ድራፍቲንግ ይሉታል፤ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተሰልፈው ሲሄዱ የምታዩት ያው ነው። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የአረቄውን ክስ ይቅርታ አደረጉለት።

ከዚያ መኪናዋ ቀስ በቀስ ከገበያዋ መኪና መለየት ጀመረች። ፋብሪካዎቹ እሁድ ያሸነፈች መኪና ሰኞ እንደምትሸጥ ሲገባቸው ገንዘብ አፈሰሱ። በ1969 እና በ1970 ዶጅና ፕሊመዝ አፍንጫዋ እንደ አሞራ የሾለ፣ ከኋላዋ ሰው የሚያህል ክንፍ የተተከለባት መኪና አመጡ። ሕጉ ለገበያም እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ ያቺን ጉድ ሰው ገዝቶ ሱቅ ይሄድባት ነበር። ናስካር በ1971 ሞተራቸውን በሕግ ሲያሳንስባቸው ጠፉ።

ትልቁ መለያየት ግን በ1980ዎቹ መጣ። ለገበያ የሚሠሩት መኪኖች በፊት ጎማ የሚነዱ ሆኑ። የውድድሮቹ ግን ሻንሲያቸው በቧንቧ የተበየደ፣ በኋላ ጎማ የሚነዱ፣ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተሸከሙ ሆነው ቀሩ። ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ይሄን ለማየት ቶዮታን ማየት ነው፣ ሁላችንም የምናውቃት መኪና ስለሆነች። ቶዮታ በ2007 በካምሪ ዋናው ውድድር ውስጥ ገባ። የምትወዳደረዋ “ካምሪ” እና ሰፈራችሁ የቆመችዋ ካምሪ አንድም የሚዋዋሱት ዕቃ የላቸውም ማለት ይቻላል። የፊት መብራቷን አስተውላችሁ እዩ፣ ስቲከር ነው! በር የላትም፤ ሹፌሩ በመስኮት ነው የሚገባው። ካርቡረተር ደግሞ እስከ 2011 ድረስ ነበራት፤ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ከተዉት ብዙ ዓመት አልፎ ማለት ነው። በ2022 የመጣችው አዲሷ መኪና ይባስ ብላ ዕቃዋ ለሁሉም ቡድን ከተመሳሳይ አቅራቢ የሚገዛ ሆነ። ጁኒየር ጆንሰን ዓይነቱ ሰው ጋራዡ ውስጥ ተደብቆ የሚፈለስፈው ነገር ብዙም አልተረፈውም። ፉክክሩን አጥብቦታል፣ እሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል። ሺንሺቾ ውስጥ የባጃጁን ሞተር በድምፁ ብቻ ምን እንደሆነ የሚናገር ሹፌር አይቼ ስለማውቅ መሰለኝ።

ጎማ መቀየሩስ? ድሮ የሹፌሩ ወንድምና ጎረቤት ነው ክሪክ ይዞ የሚሮጠው። አሁን ሥራው ላይ ካሉት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የአሜሪካ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ ስፖርተኞች ናቸው። ዋናው የናስካር ውድድር ላይ ከሠሩት ጎማ ቀያሪዎች አንዷ ብሬሃና ዳንኤልስ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። አራት ጎማ ከ10 ሰከንድ በታች። ድሮ አምስት ዳዶ የነበረው ቸርኬ ከ2022 ጀምሮ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው ያለው። የኛ ጎሚስታዎች አይቅኑ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር።

ዴይቶና 500 የሚባለው ትልቁ ውድድር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1987 ታላዴጋ ላይ ቢል ኤሊየት በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ነዳ። በዚያው ሰሞን የቦቢ አሊሰን መኪና ተነሥታ ተመልካቹን የሚከልለውን አጥር ስትበጥስ ነው ሰዎቹ የደነገጡት። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ሜዳዎች ላይ ሞተሩ አየር እንዳያገኝ የሚያንቅ ብረት ታዘዘ። የኤሊየት ሪከርድ እስካሁን የቆመው ለዚህ ነው።

ሹፌሮቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። በ2000 ብቻ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። አንዱ አዳም ፔቲ ነው፣ የዚያ ቡይኩን የገለበጠው ሰውዬ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ገና 19 ዓመቱ። ጭንቅላትና አንገትን ከትከሻ ጋር የሚያስር መከላከያ ያኔም ነበር፤ አብዛኛው ሹፌር ግን አይመችም ብሎ አያደርገውም። ከማያደርጉት አንዱ ዴል ኤርንሃርት ነበር። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን፣ በቅጽል ስሙ አስፈሪው፣ አሜሪካኖች እንደ አባት የሚያዩት። ፌብሩዋሪ 18፣ 2001፣ የዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር፣ የመጨረሻ ኩርባ ላይ ግንቡን መታ። ቲቪ ላይ ሲታይ ከባድ ግጭት አይመስልም። እዚያው ሞተ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአንገቱ መከላከያ ግዴታ ሆነ። በ2002 ግጭቱን የሚውጥ ልዩ ግድግዳ ሜዳዎች ላይ መተከል ጀመረ። ከኤርንሃርት ወዲህ በሦስቱ የናስካር ብሔራዊ ውድድሮች ላይ አንድም ሹፌር ሜዳ ላይ አልሞተም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየተላተሙ ማለት ነው። እኛ ጋ ቀበቶ የሚታሰረው ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ነው፤ ካለፉት በኋላ ይፈታል። ሁለቱን ሳስብ ምን እንደምል አላውቅም።

ሁሉም ተፈታ ማለት ግን አይደለም። የ2022ቷ መኪና ጠንካራ ሆና ተሠራችና በግጭት ጊዜ እሷ ሳትጨማተር ምቱን ለሹፌሩ ታስተላልፍ ጀመር። ኩርት ቡሽ በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ በኋላዋ ግንብ ሲመታ ጭንቅላቱ ተጎዳ፤ የሙሉ ጊዜ ሹፌርነቱ በዚያው አበቃ። ለ2023 የመኪናዋ ኋላ እንዲለሰልስ ተደረገ።

ስለ ሹፌሮቹ ሲወራ ደግሞ ዌንደል ስኮት ሊታለፍ አይችልም። ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዳንቪል፣ ቨርጂኒያ ልጅ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት መካኒክ፣ ከዚያ ታክሲ ሹፌር፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ አረቄ አመላላሽ። የመጀመሪያ ውድድሩን ያገኘበት መንገድ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በ1952 የአካባቢው አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ጥቁር ሹፌር ፈልገው ፖሊስን ጠየቁ፤ ፖሊሶቹ ከሚያሳድዷቸው ውስጥ ፈጣኑን ጠቆሙ። እሱ ነበር።

ሀብታም ስፖንሰር አልነበረውም። አሮጌ መኪና ገዝቶ ራሱ ይጠግናል፣ ልጆቹ ጎማ ይቀይራሉ። አንዳንድ ሜዳ ቆዳው ጥቁር ስለሆነ አያስገቡትም። ዲሴምበር 1፣ 1963 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ግን ባንዲራው አልተውለበለበለትም። ሁለት ዙር የቀደመው ቡክ ቤከር አሸናፊ ተብሎ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ የቆጠራ ስህተት ነው ተብሎ ድሉ ለስኮት ተመዘገበ። ነጭ የቁንጅና ንግሥት ለአሸናፊው ዋንጫ ሰጥታ የምትስምበትን ፎቶ ስለፈሩ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስኮት በ1990 አረፈ። በ2015 የናስካር ዝነኞች መዝገብ ውስጥ ገባ። ለዚያ ድሉ ማስታወሻ የሚሆን ዋንጫ ለቤተሰቡ የተሰጠው በ2021 ነው። 58 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ሲቀረው።

በዚያው 2021፣ ኦክቶበር 4፣ ቡባ ዋላስ ታላዴጋ ላይ ሲያሸንፍ በዋናው ውድድር ከስኮት ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር አሸናፊ ሆነ። የነዳላቸው ቡድን ባለቤቶች አንዱ የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ዋላስ ሜዳዎቹ ላይ የሚውለበለበው የባሪያ አሳዳሪዎቹ ደቡብ ባንዲራ እንዲከለከል ጠይቆ ናስካር ጁን 2020 ላይ ከልክሏል። ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ ከተመልካቹ ያንን ባንዲራ ይዞ የሚመጣ ነበር።

አሁን ወደ ጌሙ። መኪና ውድድር ውድ ነው። ልጅ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ትንንሽ መኪና ላይ ይጀምራል፤ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ጉዞው ሁሉ የወላጅ ኪስ ነው። አረቄ አመላላሹ ሰርቶ በገዛት መኪና የሚገባበት በር ተዘግቷል። በሌላ በኩል ግን አንድ ጠባብ በር ተከፈተ። አይሬሲንግ የሚባል የኮምፒውተር ውድድር አለ፤ ሜዳዎቹን በሌዘር ለክቶ እያንዳንዷን ጉድጓድ ጭምር ያስገባ። ዊልያም ባይረን ቤቱ ቁጭ ብሎ በዚያ ነው የጀመረው፤ እውነተኛ መኪና የነዳው በ15 ዓመቱ ነው፣ በዚህ ስፖርት ያረጀ ዕድሜ ማለት ይቻላል። ዴይቶና 500ን በ2024 እና በ2025 ተከታትሎ አሸነፈ። ራጃ ካሩት የሚባል ጥቁር ወጣትም በዚያው በር ገብቶ ማርች 2024 ላስ ቬጋስ ላይ የፒካፕ መኪኖቹን ውድድር አሸንፏል።

በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል። ኮቪድ ሜዳዎቹን ሲዘጋ ሹፌሮቹ ኦንላይን ይወዳደሩ ነበር። ኤፕሪል 2020 ካይል ላርሰን ማይኩ የተዘጋ መስሎት ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል በቀጥታ ስርጭት ተናገረ። ቡድኑ በቀናት ውስጥ አባረረው። እናቱ ጃፓን አሜሪካዊ ናት፣ ወደ ናስካርም የመጣው ከነጭ ውጭ ያሉትን ለማሳደግ በተዘጋጀ ፕሮግራም ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ነገሩ የበለጠ ያናደደው። በ2021 ሌላ ቡድን አስገባው፤ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምናልባት ድምፁ ነው። ጁላይ 2024 ናስካር ቺካጎ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ለሙከራ አሳየ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኛ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን እናስታውሳለን። ናስካር ዋናውን ውድድር ወደ ኤሌክትሪክ እለውጣለሁ አላለም። ለደጋፊው ያ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ከውድድሩ ግማሹ ነው።

ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ናስካር ዩቲዩብ ገጹ ላይ የድሮ ውድድሮችን ሙሉውን ይጭናል። ሙሉው ዳታ ይበላል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ከ1979 ዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር ጀምሩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ በአገር አቀፍ ቲቪ የታየ የመጀመሪያው 500 ነው፤ የአሜሪካ ግማሹ በበረዶ ምክንያት ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ መሪዎች ተላትመው ወጡ፣ ሪቻርድ ፔቲ ከኋላ መጥቶ አሸነፈ። የተላተሙት ግን ከመኪና ወርደው ሣሩ ላይ ቡጢ ገጠሙ፤ የአንዱ ወንድምም መኪናውን አቁሞ ገባበት። ከዚያ የቻስቴይንን አስከትሉ። ካያችሁት ደግሞ የትኛው እንደሚሻል ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ እኔ የ1979ኙን ነኝ።